ወንዙ ጉልበት አለው

ዋና አልችልም። ይህን ለእናንተ መናገር ቀላል ነው፤ አታውቁኝም፣ አልተጋባንም፣ ብትታዘቡኝም ማታ እራት የምንበላው ለየብቻችን ነው። ለባለቤቴ ለለምለም ለመናገር ግን አሥራ ዘጠኝ ዓመት፣ አንድ ወንዝና አንድ ሐብሐብ ነጋዴ አስፈልጎኛል።

ነገሩ የተጀመረው ላንጋኖ ነው። ገና ሳንጋባ በመሥሪያ ቤት ሽርሽር ይዣት ሄድኩ። ላንጋኖን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ውሃው ወተት የገባበት ሻይ ነው የሚመስለው። ደረቴ ድረስ ገባሁና ሁለት እጄን እያወናጨፍኩ ወዲያ ወዲህ አልኩ። እግሬ መሬት ላይ ነው። እጄ ይዋኛል፣ እግሬ ይራመዳል፣ ያ የተባረከ ደፍራሽ ውሃ ደግሞ ገበናዬን ይሸፍንልኛል። ለምለም ዳር ቆማ "እንዴ! ዋናተኛ ነህ ለካ!" አለችኝ። ሰው ነኝና አላስተባበልኩም። "ትንሽ ትንሽ እሞክራለሁ" አልኳት። በእኛ አገር "ትንሽ ትንሽ እሞክራለሁ" ማለት "አንደኛ ነኝ፣ ግን ጨዋ ነኝ" ማለት እንደሆነ የማያውቅ የለም።

ከዚያ ወዲህ የጠራ ውሃ ውስጥ ገብቼ አላውቅም። የመዋኛ ገንዳ ያለበት ሆቴል ስንሄድ "ክሎሪን ቆዳዬን ይቆጣዋል" እያልኩ ፎጣ አንገቴ ላይ ጣል አድርጌ፣ ሌሎቹ ሲዋኙ እንደ አሠልጣኝ እየተዘዋወርኩ አስተያየት እሰጣለሁ። "እግርህን አላላው" እላለሁ። "ትንፋሽህን ቆጥብ" እላለሁ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። ይህን ያለው ሰው ስንቅ እንጂ ውሸት ተሸክሞ አያውቅም። የእኔው በየዓመቱ ኪሎ ይጨምር ነበር።

አሁን ሰይድን ላስተዋውቃችሁ። ሰይድ የወሎ ልጅ ነው፤ ገርጂ ውስጥ የውሃ ታንከር ይሸጣል። ጓደኛሞች ከሆንን አሥር ዓመት አልፎናል። ረጋ ያለ፣ ከመናገሩ በፊት አንዴ ጉሮሮውን የሚጠርግ ሰው ነው። ከደንበኞቹ አንዱ፣ ቦሌ ይኖር የነበረ ፈረንጅ፣ ቤቱን ለቅቆ ወደ አገሩ ሲሄድ ሁለት ካያክ ጥሎለት ሄደ። ካያክ ማለት ሰው እግሩን ዘርግቶ ተቀምጦ የሚቀዝፋት ቀጭን የፕላስቲክ ጀልባ ናት። አንደኛዋ ባለ አንድ ወንበር፣ ሁለተኛዋ ባለ ሁለት ወንበር ነበረች። ሰይድ ሱቁ በር ላይ አቁሞ ሊሸጣቸው ሞከረ። የመጣው ሁሉ መታ መታ እያደረገ "ስንት ሊትር ይይዛል?" ይለው ጀመር። ገርጂ ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው፤ ሰፈራችን ውስጥ ጎድጎድ ያለ ነገር ሁሉ የሚለካው በሊትር ነው።

ገዢ ሲጠፋ፣ አንድ ቅዳሜ አትላስ አካባቢ ሦስታችን ማኪያቶ እየጠጣን ሳለ ሰይድ ጉሮሮውን ጠረገ።

"ለምን ራሳችን አንሄድባቸውም?" አለ። "አዋሽ ላይ። ሦስት ቀን እንቀዝፋለን፣ ማታ ማታ ዳሩ ላይ ድንኳን ተክለን እናድራለን።"

ወገቤን እንደሚያመኝ ልናገር አፌን ከፈትኩ። ለምለም ቀደመችኝ።

"የእኔ ባልማ ዋናተኛ ነው! እሱ ካለ ምን ችግር አለ?" አለች። ከዚያ አየችኝ። እንደዚያ አድርጋ ያየችኝ ከተጋባን ወዲህ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። የመጀመሪያው ኮንዶሚኒየም የደረሰን ቀን ነው።

እንግዲህ ፍረዱኝ። በእንዲህ ያለ ዓይን ታይቶ "ወገቤን" የሚል ወንድ ካለ ይምጣና ያስተምረኝ።

ሥራ ተከፋፈልን። ለምለም ፋርማሲስት ስለሆነች ምግቡንና መድኃኒቱን ያዘች። ሰይድ መኪናውንና ጀልባዎቹን ያዘ። "አንተ ደግሞ ወንዙን ያዝ፤ ባለሙያው አንተ ነህ" ተባልኩ። ወሩ ጥቅምት ነው። ክረምቱ ወጥቷል ይባላል፣ ግን አልወጣም፤ አንድ ቀን ፀሐይ፣ በማግሥቱ ዶፍ። አዋሽ ደግሞ ከላይ ሲዘንብ ይሞላል፣ ዝናቡ ሲያባራ ድንጋዩ ይታያል። ስንሄድ ምን ያህል እንደሚሆን አንድዬ ብቻ ነው የሚያውቀው።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደስ አለኝ። ወንዙ ከሞላ "አደገኛ ነው" ብዬ እሰርዘዋለሁ። ከጎደለ "ጀልባ አይሄድበትም" ብዬ እሰርዘዋለሁ። እኔን የሚጎዳኝ ልክ ሲሆን ብቻ ነው። እሱም ቢሆን፣ ውሃው ከደረቴ በታች ከሆነልኝ እንደ ላንጋኖው ጊዜ ወደ ሙያዬ እመለሳለሁ። ከደረቴ በላይ ከሆነ ግን ወይ ነፍሴ ወይ ስሜ ይሄዳል። ስለዚህ ወንዙን መለካት ለእኔ የጉዞ ዝግጅት ብቻ አልነበረም።

መጀመሪያ ግን ድንኳን። ድንኳን ያለው ማን ነው? እድር ነው። የኮንዶሚኒየማችን እድር ጸሐፊ እትዬ አልጋነሽ ዘንድ ሄድኩና "ድንኳን ፈልጌ ነበር" አልኳቸው። ወዲያው ነጠላቸውን አዘቀዘቁና መዝገባቸውን ገለጡ።

"ውይ ልጄን! ማን ሞተ?"

"ማንም አልሞተም እትዬ።"

"ታዲያ ማን ሊሞት ነው?"

"ለመዝናኛ ነው። ወንዝ ዳር ልናድርበት፤ በጀልባ ነው የምንሄደው።"

እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። 

"ዋና ትችላለህ?"

"ትንሽ ትንሽ እሞክራለሁ።"

"እንግዲያው ድንኳኑ እዚሁ ይቆይ" አሉኝ መዝገቡን እየዘጉ። "ስትመለስ ይደርስልሃል።"

እስከ ቤቴ ድረስ "ስትመለስ" ያሉት እንዴት አድርገው እንደሆነ ሳስብ ሄድኩ። ድንኳኑን በመጨረሻ ሰይድ ከአንድ አስጎብኚ ተከራየ።

ወደ ወንዙ ልመለስ። የሰይድን ታንከር የሚያመላልሱ ሾፌሮች ከአዳማ ወዲያ አንድ ድልድይ አጠገብ ሐብሐብ የሚሸጡ ሰው ያውቃሉ፤ ጋሽ ፈይሳ ይባላሉ። ቀኑን ሙሉ ፊታቸውን ወደ አዋሽ አድርገው ይቀመጣሉ። ከእሳቸው የተሻለ የወንዝ ባለሙያ ከየት ይመጣል? ስልካቸውን ተቀበልኩና ማክሰኞ ጠዋት ደወልኩ።

"ጋሽ ፈይሳ፣ ውሃው ዛሬ እንዴት ነው?"

"ደኅና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን።"

"ምን ያህል ነው ማለቴ ነው።"

"ብዙ ነው።"

"እስከ የት ይደርሳል?"

"አሳይታ ይደርሳል።"

ራሴን አረጋጋሁ። "አይ፣ ሰው መሐሉ ላይ ቢቆም እስከ ምኑ ይደርሰዋል?"

"ለምን ይቆማል?"

"ቆመ እንበል።"

"ማን?"

"እኔ ነኝ እንበል።"

"ምን ሆነህ ነው ወንዝ መሐል የምትቆመው?" አሉ። ድምፃቸው ውስጥ ከልብ የሆነ ሐዘኔታ ነበር። "ቤተሰብ የለህም?"

"አለኝ። ጋሼ፣ በአጭሩ ይንገሩኝ። ደረት አለው? ወገብ አለው? ምን አለው?"

 ዞር ብለው ወንዙን እያዩት ይመስለኛል።

"ጉልበት አለው" አሉ በመጨረሻ።

"ጉልበት ብቻ?"

"ጉልበት ብቻማ አይደለም። ጭቃም አለው።"

ስልኩን ዘግቼ ወንበሬ ላይ ተንሰራፋሁ። ጉልበት! ከላንጋኖ እንኳ የሚያንስ! በጉልበት ውሃ ውስጥ እንኳን እኔ በግም ይዋኛል። ከምሳ በፊት ሦስታችን ላለንበት የቴሌግራም ግሩፕ "ወንዙ እስከ ጉልበት ነው፤ አትሥጉ" ብዬ ጻፍኩ። ሰይድ "ጀልባዋ መሬት አትነካም?" ብሎ ጠየቀ። ካያክ አንድ ስንዝር ውሃ እንደሚበቃት ረጅም ማብራሪያ ሰጠሁት። ማብራሪያውን ያገኘሁት ከኢንተርኔት ነው፤ የደረደርኩት ግን አዋሽ ውስጥ ተወልዶ እንዳደገ ሰው ነበር።

ረቡዕ ደወልኩ። አሁን የጋራ ቋንቋ አለን።

"ጋሼ፣ ዛሬስ ጉልበቱ እንዴት ነው?"

"ጨምሯል።"

"ጭን ደርሷል ልበል?"

"ጭነት? ጭነት ገና አልመጣም፣ ያለው ሐብሐብ የትናንቱ ነው" አሉኝና ደንበኛ መጣባቸው መሰለኝ ስልኩ ተዘጋ። እኔም በደብተሬ ላይ "ረቡዕ፣ ጭን" ብዬ ጻፍኩ። ጭንም ቢሆን ከደረት በታች ነው።

ሐሙስ ደግሞ "ዛሬ ጉልበቱ ደከም ብሏል" አሉኝ። ከጉልበት በታች ምን አለ? አሰብኩና "ሐሙስ፣ ቁርጭምጭሚት" ብዬ ጻፍኩ። ይህን ለሰይድ ስነግረው ጉሮሮውን ጠረገ።

"እንግዲያው ይቅር" አለ። "በቁርጭምጭሚት ውሃ ጀልባዋን በትከሻችን ተሸክመን ነው ሦስት ቀን የምንሄደው?"

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ስፈልገው የነበረው በር ወለል ብሎ ተከፈተ። በሩን የከፈተው ሰይድ ነው፤ እኔን ማንም አይጠረጥረኝም። "እሺ፣ እንግዲህ ምን ይደረግ" ብሎ በሐዘን ራስን መነቅነቅ ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። እኔ ምን አልኩ?

"አንተ ሰውዬ፣ ይህን ያህል ፈሪ ነህ?" አልኩት።

በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ከውሃ የበለጥኩ መስሎኝ ነበር። ልክ እንደ ጠላ ራሴ ላይ ወጣብኝ። ሰይድ ከየት እንዳመጣቸው የማላውቃቸውን ሦስት ላይፍ ጃኬቶች፣ ሰው እንዳይሰምጥ የሚያንሳፍፉ ሰደርያዎች፣ ሲያሳየኝ ሳቅኩበት። "ለቁርጭምጭሚት ውሃ? ልጆች ያዩናል!" አልኩት። ቅር እያለው መልሶ ሱቁ ውስጥ ሰቀላቸው።

በዚሁ አላበቃሁም። ለምለም ጀልባ ላይ ልትወጣ አልነበረም፤ እሷ የእኛን መኪና እየነዳች በዳር በዳር ልትከተለን ነበር ዕቅዱ። ማታ ቤት ገብቼ "ባለ ሁለት ወንበሯ ላይ ከእኔ ጋር ትቀመጫለሽ" አልኳት።

"እኔ'ኮ ዋና አልችልም" አለችኝ።

"እኔ አለሁልሽ አይደል?"

ይህችን ቃል ከአፌ ስትወጣ ሰማኋት። ልመልሳት ሞከርኩ፣ አልተመለሰችም። ለምለም ግን ፈገግ ብላ መዘጋጀት ጀመረች፤ ኮፍያ ገዛች። በማግሥቱ ጀልባዋን ኮንዶሚኒየሙ ግቢ አምጥተን ልምምድ አደረግን፤ አስፋልቱ ላይ ተቀምጠን እሷ ከፊት፣ እኔ ከኋላ አየሩን ስንቀዝፍ የግቢው ጥበቃ ለረጅም ጊዜ ካየን በኋላ "ጌታዬ፣ እርስዎ ወደ ኋላ ነው የሚሄዱት" አለኝ።

ያንኑ ዓርብ ለመጨረሻ ጊዜ ደወልኩ።

"ጉልበቱ ተመልሷል" አሉ ጋሽ ፈይሳ።

"እግዜር ይመስገን!"

"ምኑ ነው የሚመሰገነው?" ሲሉ ኔትወርኩ ተቋረጠ። እኔም ምስጋና የማይወዱ ሰው ናቸው ብዬ አለፍኩት።

ቅዳሜ ማለዳ ተነሣን። ሰይድ ጀልባዎቹን ፒክአፑ ላይ አስሮ ከፊት፣ እኔና ለምለም በአሮጌዋ ቪትዛችን ከኋላ። መንገዱን ሙሉ አፏጨሁ።

ድልድዩ ጋ ደርሰን ሞተር ሳጠፋ አንድ ድምፅ ሰማሁ። ከባድ መኪና እየመጣ መሰለኝና ወደ ኋላ ዞሬ አየሁ። መኪና አልመጣም። ወረድኩና በድልድዩ አጥር ላይ ቁልቁል አየሁ። አዋሽ ከነአፈሩ፣ ከነድንጋዩ እየተንከባለለ ይሄዳል። አንድ ሙሉ ዛፍ ከነሥሩ፣ ቅጠሉ እንኳ ሳይረግፍ፣ ከሥሬ አለፈ።

ረጅም ሽማግሌ ከሐብሐብ ክምር ኋላ ብቅ አሉ። "ያ ወንዝ መሐል የሚቆመው ሰው አንተ ነህ?" አሉኝ።

"ጋሽ ፈይሳ፣ ጉልበት አለው ብለውኝ አልነበረም እንዴ?"

"አለዋ!" አሉ በኩራት ወደ ወንዙ እየጠቆሙ። "አይታይህም? ትናንት በሬ ይዞ ሄደ!"

መጀመሪያ ወንዙን አየሁ። ከዚያ የገዛ ጉልበቴን አየሁ። ከዚያ እንደገና ወንዙን። አማርኛ ሀብታም ቋንቋ ነው ይላሉ፤ ይህን ያህል ሀብት ካለው ለእግርና ለኃይል ለየብቻ ቃል ማውጣት ምን አቃተው? አንድ ሳምንት ሙሉ እሳቸው ስለ ወንዙ ኃይል፣ እኔ ስለ ሰው እግር ስንነጋገር ነበር የከረምነው።

እንዲያውም አምላክ አይተወኝም አልኩ በልቤ። ሞልቷል፣ አበቃ። ፊቴን ቅጭም አድርጌ "እንግዲህ ይሄማ አደገኛ ነው፤ እንመለስ" አልኩ።

"ምን አስቸኮላችሁ?" አሉ ጋሽ ፈይሳ። "የማታው ዝናብ ነው፤ ከሰዓት ይበርዳል።"

"ሦስት ቀን አለን" አለች ለምለም። "እንጠብቅ።"

ጠበቅን። እንደዚያ ቀን ዓይነት ጥበቃ ለጠላቴም አልመኝም። ጋሽ ፈይሳ ሐብሐብ ቆረጡልን፤ ለምለምና ሰይድ እያወሩ በሉ፤ እኔ ውሃው ላይ አፍጥጬ "እባክህ፣ እንደ ወንድምህ እየኝ፣ እንደ ጀመርከው ቀጥል" እያልኩ ስለምነው ዋልኩ። አልሰማኝም። ስምንት ሰዓት ላይ ድምፁ ቀነሰ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ዝም አለ። ገጹ ተኛ፤ ለጥ ብሎ፣ ጨዋ ሆኖ ይሄድ ጀመር። ሰይድና እኔ ጀልባዎቹን ወደ ዳር አወረድን። 

"አሁንስ እስከ ምን ይሆናል?" ብዬ ጋሽ ፈይሳን በሹክሹክታ ጠየቅኳቸው። ከዚህ በፊት ልጠይቅ ይገባኝ የነበረውን ጥያቄ አሁን በትክክል ጠየቅኩ። "ጥልቀቱ?"

"ጥልቀቱማ እዚህ ጋ ሁልጊዜ ሁለት ሰው ነው። አንዱ ባንዱ ላይ ቆሞ።"

ለምለም ሰምታለች። "ለእሱ ምኑም አይደል" አለቻቸው። ጫማዋን አውልቃ፣ አዲሱን ኮፍያዋን አጥብቃ፣ ዳር ላይ ባለችው ጀልባ የፊት ወንበር ላይ ተቀመጠች። የጀልባዋ አፍንጫ ውሃው ውስጥ ነው፣ ትወዛወዛለች። ለምለም ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ ዞር ሳትል እንዲህ አለችኝ፦

"በጣም ፈርቻለሁ። ለሌላ ሰው ቢሆን አልገባም ነበር። በል ግፋት።"

እጄን ጀልባዋ ጀርባ ላይ አደረግኩ። አንድ ጊዜ ብገፋት ውሃው ይወስዳታል። ላይፍ ጃኬቶቹ ገርጂ ሱቅ ውስጥ ተሰቅለዋል፤ ያሰቀልኳቸው እኔ ነኝ። እሷ የተቀመጠችው ወንዝ ላይ አልነበረም፤ የተቀመጠችው እኔ በነገርኳት ነገር ላይ ነው። ፈራሁ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ የምፈራው እንዳልታወቅ ነበር፤ አሁን ግን የፈራሁት ሰምጣ እንዳላያት ነው። ፊት ለፊቴ የሚታየኝ የአንገቷ ጀርባ ነው፤ ከኮፍያው ሥር ሁለት ሦስት ሽበት ወጥቷል።

"ለምለም" አልኳት። "ዋና አልችልም።"

"ምን አልክ?"

"ዋና አልችልም። ችዬም አላውቅም።"

ዞረች። ፊቴን አየች። እየቀለድኩ እንዳልሆነ ገባት።

"ላንጋኖስ?"

"እግሬ መሬት ነበር።"

"እጅህስ?"

"እጄ ይዋኝ ነበር።"

ጀልባዋን ወደ ኋላ ሳብኳት፣ ሙሉ በሙሉ ደረቅ መሬት ላይ እስክትወጣ ድረስ። ለምለም ግን አልወረደችም፤ ደረቅ መሬት ላይ እንደተቀመጠች ወንዙን ማየት ቀጠለች። ሰይድ ጉሮሮውን ጠረገ።

"እንዲያው ለነገሩ" አለ፣ "እኔም አልችልም። አንተን ተማምኜ ነው የመጣሁት።"

"ታዲያ እንደማትችል ለምን አልተናገርክም?"

"ማን ጠየቀኝ?"

ጋሽ ፈይሳ ሦስታችንንም ተራ በተራ አዩንና፣ አጠገባቸው ሽንኩርት ለምትሸጠው ሴት አንድ ነገር በኦሮምኛ ነገሯት። ሴትየዋ ሽንኩርቷን ትታ መጥታ አየችን። ትርጉም አልጠየቅኩም። ጀልባዎቹን መልሰን ጫንን። ሰይድ ስንለያይ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ "አልሐምዱሊላህ" ብሎኝ ቀድሞ ሄደ።

አዳማ እስክንደርስ ለምለም አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። ሬዲዮ ልከፍት እጄን ስሰድድ እጄን ብቻ አየችው፤ መለስኩት።  አዳማን አለፍን። ከዚያ ዓይኗን ከመንገዱ ሳታነሳ ጠየቀችኝ፦

"ከዚህ ሌላ እግርህ መሬት የነበረበት ነገር አለ?"

"የለም" ልል አፌ ተዘጋጅቶ ነበር። አፌን አውቀዋለሁ። ግን ያቺ በሁለት ሰው ጥልቀት ውሃ ላይ የምትወዛወዝ ወንበር ፊቴ ላይ መጣችብኝ።

"አለ" አልኳት።

"ንገረኝ።"

ጣሊያንኛ እንደማልችል ነገርኳት። የማውቀው ፓስታ፣ ማኪና፣ ጎማና ቻው ነው፤ ያን ጊዜ የቡና ማሽኑን መመሪያ "የተረጎምኩላት" ሥዕሉን አይቼ ነው። ያ መመሪያ ደግሞ ፖርቱጋልኛ እንደነበር በኋላ ነው ያወቅኩት። እናቷን ለመጠየቅ አንድ ወር መቀሌ ሰንብታ ስትመለስ ያገኘችው ሳሎን ያለው አበባ የቀድሞው አበባ እንዳልሆነ ነገርኳት፤ የቀድሞው በሁለተኛው ሳምንት ሞቶ ነበር፣ ይሄኛው ቦሌ ቡልቡላ ከሚገኝ ችግኝ ሻጭ የተገዛ ነው። "ውሃ ሳታጠጣው ነው?" አለች። "ውሃ አብዝቼበት ነው" አልኳት። ሞጆ ስንደርስ በፍልሰታ ጾም መሥሪያ ቤት ውስጥ ዕንቁላል ሳንድዊች እንደምበላ ነገርኳት። "ሁልጊዜ?" አለች። "ረቡዕና ዓርብ እተወዋለሁ" አልኳት። ቢሾፍቱ ላይ፣ የልደቷ ቀን የሰጠሁት ግጥም በእኔ እንዳልተጻፈ ነገርኳት። ይሄን ስነግራት መስኮቱን ከፈተች፣ ነፋስ ተቀበለች፣ ዘጋችው።

"እሱን ጠርጥሬ ነበር" አለች። "ቀጥል።"

የገረመኝ ነገር፣ ስናገር እየቀለለኝ መጣ። ጎሮ ስንደርስ ትዝ የሚሉኝ ትንንሾቹ ብቻ ነበሩ፤ የምትወደው ሽሮ ውስጥ እኔ የምጨምረው ልዩ ቅመም የሚባል ነገር እንደሌለ፣ ሲያንኮራፋ የሚቀሰቅሳት የጎረቤት ሰው እንዳልሆነ። ገርጂ ስንገባ ባዶ ሆንኩ። አፌ ደረቀ። ኮንዶሚኒየማችን በር ላይ መኪናዋን አቆምኩና "በቃ፣ ይሄው ነው። ሌላ የለኝም" አልኳት።

ለምለም ኮፍያዋን አውልቃ ጭኗ ላይ አደረገች። ትቆጣኛለች ብዬ ጠበቅኩ። ትስቃለች ብዬም ጠበቅኩ። እሷ ግን ፊቷ ቀስ ብሎ ቀላ፣ ጣቶቿን ማፍተልተል ጀመረች። የወንበር ቀበቶዬን ፈትቼ ሞተሩን ላጠፋ ቁልፉን ስይዝ እጄን በእጇ ያዘችው።

"አታጥፋው" አለችኝ። "የእኔን ገና አልሰማህም።"

ቀበቶዬን መልሼ አሰርኩ።